የሞክሼዎቹ ካርድ

በክሊኒኩ ካርድ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት የሠራችው ሴት የካርድ ቁጥር ጠይቃ አታውቅም። በሽተኛው በመስኮቱ ብቅ ሲል ካርዱን ከመደርደሪያው መዛ ታወጣለች። ሐኪሙ «ኮምፒውተራችን» ይላታል፤ እሷም ስሙን ወዳዋለች።

አንድ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ጡረተኛው ሹፌር ደም ግፊቱን ሊለካ መጣ። ካርዱን ሳበች። ልታሳልፈው ስትል ዓይኗ የመጨረሻው መስመር ላይ አረፈ። የዚያኑ ዕለት ቀን ተጽፎበታል፦ የጉሮሮ ሕመም፤ የፔኒሲሊን ዘር የሆነ እንክብል፣ ለሰባት ቀን።

«ጋሼ፣ ጠዋት ጉሮሮዎን አሞዎት መጥተው ነበር እንዴ?»

«እኔ? አሁን ነው ከቤት የወጣሁት። ምነው፣ ጉሮሮዬን አሞኛል?»

አልሳቀችም። ሹፌሩ ሞክሼ አለው፤ በስምም በአባት ስምም ከእሱ ጋር አንድ የሆነ ልብስ ሰፊ። ጠዋት ሰው መስኮቱ ላይ ሲጋፋ፣ ለልብስ ሰፊው የሹፌሩን ካርድ ነበር ያወጣችለት። የልብስ ሰፊውን ካርድ ፈልጋ አገኘች። ከላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ «ፔኒሲሊን አይስማማውም» ይላል።

ካርዱ ላይ ወዳለው ስልኩ ደወለች፤ ዝግ ነው። ደግማ ደወለች፤ ዝግ ነው። ሐኪሙ ክፍል ሳታንኳኳ ገብታ ሁለቱን ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«እኔም አልጠየቅኩትም» አለ። «ካርዱ ላይ ምንም ስላልነበረ…»

«ዶክተር፣ እሱን ኋላ! ሱቁ ከማዞሪያው ወረድ ብሎ ነው፤ እኔ ቀድሜ ልሂድ።»

ጋዋኗን እንደለበሰች ሮጠች። መኪኖች ጥሩምባ ነፉባት፣ አንዱ አሽከርካሪ ሰደባት፤ አልሰማችም። ሱቁ ክፍት ነው። የልብስ ሰፊው ሚስት የኮት ቁልፍ ትተክላለች።

«እትዬ፣ ባለቤትዎ የት ናቸው?»

«አሁን ምሳ በልቶ መድኃኒቱን ዋጠና ጋደም አለ። ምን ሆነሻል አንቺ?»

የጓዳውን መጋረጃ ገልጣ ገባች። ልብስ ሰፊው ተነሥቶ ተቀምጧል፤ አንገቱን ያካል። ከንፈሩ አብጧል፤ ሲተነፍስ ደረቱ ያፏጫል። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ድምፁ አልወጣም። ሚስቱ ጮኸች። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ከኋላው ደገፈችው፤ ከዚያ ሌላ የምታውቀው ነገር አልነበራትም። በሩን እያየች ደቂቃው ዓመት ሆነባት።

ሐኪሙ የድንገተኛ ሳጥኑን አንጠልጥሎ እያለከለከ ደረሰና ሱሪውን እንኳ ሳያስወልቅ ጭኑን በመርፌ ወጋው። ጥቂት ቆይቶ ፉጨቱ ቀነሰ።

«የፔኒሲሊን መርፌው ብቻ ነበር የማይስማማኝ የመሰለኝ» አለ ልብስ ሰፊው፣ ትንፋሹ ሲመለስለት። ቀጥሎም ሱሪውን ዳሰሰና፣ «እኔ ስሰፋ እናንተ ትበሳላችሁ!» አለ።

በታክሲ ሆስፒታል ወሰዱት፤ አሳድረው ተከታተሉት። በማግሥቱ እሷ አልጋው አጠገብ ቆመች።

«ካርድዎን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። የሌላ ሰው ሰጠሁ።»

«ቢያንስ መጥተሽ ነገርሽኝ» አለ ልብስ ሰፊው። ሚስቱ ግን ብድግ አለች፦ «እኔ ልቀበርለት… እሱ ቢሞትስ ኖሮ? ያኔም ‹ተሳሳትኩ› ልትዪኝ ነበር?»

በክሊኒኩ ስብሰባ ስሕተቱን ለበላይ መሥሪያ ቤት የማሳወቅ ነገር ሲነሣ የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ፣ «ሰውዬው ድኗል፤ ስማችንን በገዛ እጃችን ለምን እናጠፋለን?» አለ። ሐኪሙ እያመነታ እሷን አያት። «ሪፖርቱን እኔ ጽፌዋለሁ» አለች ወረቀቱን እየገፋች፤ «የርስዎ ፊርማ ነው የቀረው።» ፈረመ። ሪፖርቱ ለበላይ መሥሪያ ቤት ተላከ። ከዚያ ወዲህ እሷ የካርድ ቁጥር ሳትጠይቅ ካርድ አታወጣም፤ ሐኪሙም መድኃኒት ቤቱም የማይስማማ መድኃኒት መኖሩን ሳይጠይቁ አይጽፉም፣ አይሰጡም። ወረፋው ረዝሟል፤ ሰው ያጉረመርማል።

ልብስ ሰፊው ወደ ክሊኒኩ ተመልሷል። ሚስቱ ግን የካርድ ክፍሏን ሠራተኛ እስካሁን አታናግራትም፤ በሱቁ በኩል ስታልፍ ባየቻት ቁጥር ፊቷን ወደ ስፌት መኪናው ታዞራለች። እሷም መንገድ አልቀየረችም። ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደሩ እትዬ» ትላለች፤ መልስ ጠብቃ ትንሽ ትቆምና ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።