ከዐስር በፊት ጅቡቲ

ጋሪው ድሬዳዋን የሚከፍለውን ደረቅ ወንዝ፣ የደቻቱን አሸዋ ሲሻገር ፋርሒያ ሻሿን በአንድ እጇ ይዛ፣ "ቶሎ በለው፣ አቦ" አለች ባለጋሪውን። ወንድሟ ሲያድ ከጎኗ ተቀምጧል። ጠዋት ከጅቡቲ በመጣው ቴሌግራም አባታቸው መሞታቸውን ሰምተዋል። ቀብሩ ዛሬ ከቀትር በኋላ፣ ከዐስር ሶላት ቀጥሎ ነው። የሙስሊም ሬሳ አያድርም። እዚሁ መጋላ ሰፈር ያለው የእህትና ወንድሙ ቤት ከአሁኑ ለለቅሶ በመጣ ጎረቤት ተሞልቷል።

ሲያድ መጀመሪያ የሮጠው ወደ ባቡር ጣቢያ ነበር። ምን ያድርግ፣ ዕድሜውን የሠራው ባቡር ላይ ነው፤ እግሩ የለመደው እሱን ነው። ባቡሩ ግን ማታ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚገባው ሲነጋ ነው። እናቱ የሞቱ ጊዜም በባቡር ሄዶ የደረሰው ከቀብር በኋላ ነበር። ይኸ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል።

አውሮፕላን ግን ያንኑ መንገድ በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል። ሰው መጋላ ገበያ ወጥቶ፣ በሥጋ ዋጋ ተከራክሮ ቤቱ እስኪመለስ፣ እሱ ያን ሁሉ በረሃ አልፎ ባሕሩ ዳር ይወርዳል። እንዲህ ያለውን ነገር አለማድነቅ ንፉግነት ነው።

አውሮፕላን ማረፊያው ሲደርሱ ጫኞች የጫት ጆንያ እያስገቡ ነበር። ጫት ሳይጠወልግ መድረስ ስላለበት አውሮፕላኑ የሚመላለሰው ከሰው ይልቅ ለጫት ነው።

"ክብደቱ ሞልቷል። አንድ ሰው ብቻ" አለ ትኬት ቆራጩ።

"አንቺ ሂጂ" አለ ሲያድ። "ሳይከፈኑ ፊታቸውን ታያለሽ።"

"እኔ ሴት ነኝ፣ መቃብር አልወርድ። አባባን የምታስገባው አንተ ነህ።"

"ጥዬሽ?"

ፋርሒያ እንባዋ መጣ። ሲያድም ፊቱን አዞረ።

ጫት ነጋዴዋ ሃዎ ጆንያዎቿ አጠገብ ቆማ ትሰማ ነበር። ሃዎን ድሬ ያውቃታል፤ ጫቴ ዘገየ ብላ ከአብራሪ ጋር የተጣላች ሴት ናት።

"የማን ልጆች ናችሁ?"

"የዩሩብ፣ አዴ ሃዎ። ጅቡቲ የነበሩት አናጢ" አለ ሲያድ።

"አላውቀውም። አላህ ይማረው። ቀብሩ መቼ ነው?"

"ከዐስር በኋላ።"

ሃዎ ቀና ብላ ፀሐይዋን አየች። ከዚያ አንዱን ጫኝ ጠራችው። "ሁለት ጆንያ አውርድ።"

"የማንን?"

"የማንን ልታወርድ ኖሯል? የኔን ነዋ።"

"ይጠወልጋል እኮ፣ አዴ።"

"ጫት ነገም ይቀነጠሳል። አንተ ሥራህን ሥራ።"

ሲያድ እጇን ሊስም ጎንበስ ሲል ገፋ አደረገችው። "ግቡ፣ ሁለታችሁም ግቡ። ያመልጣችኋል።"

አውሮፕላኑ አቧራውን አስነሥቶ ተነሣ፤ ከባቡሩ ሐዲድ በላይ ዞሮ ወደ ጅቡቲ አቀና። ሃዎ እስኪጠፋ ድረስ አንጋጣ አየችው። ስንት ዘመን ጫት ሲያመላልስላት እንደ ዛሬ ኮርታበት አታውቅም።

ልጆቹን ያመጣው ባለጋሪ ሁለቱን ጆንያ ጫነ። "ገበያ ልውሰደው፣ አዴ? በርካሽም ቢሆን ይሸጣል።"

"ገበያ ምን አለኝ? ልጆቹን ያነሣህበት ቤት ውሰደኝ" አለች ሃዎ። "ዛሬ እዚያ ለሟች ቁርኣን ሲቀራ ይታደራል። የሚቀራ ሰው ደግሞ ያለ ጫት ባዶ እጁን አይቀመጥም።"

ሻሿንም አጥብቃ አስራ ከጆንያዎቹ አጠገብ ተቀመጠች።