የአውራ ጣት ፊርማ

መርፌ አውራ ጣቷን ሲወጋት ልብስ ሰፊዋ፣ “ሃያ ዓመት የለመድኩት ነው” ብላ ስቃ ነበር። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ጣላት፤ በቁስሉ የገባው ተህዋስ መርዙን በደሟ ረጭቶ ኩላሊቷን አደከመው። ከሞት አፍ ብትመለስም ደም ያልደረሳቸው የቀኝ እጇ ጣቶች ጠቁረው ደረቁ።

ዛሬ ሐኪሙ ጣቶቿ እንዲቆረጡ የምትፈቅድበትን ወረቀት አመጣ። እስክሪብቶ መያዝ አቃታት።

“እኔ ልፈርምልሽ፣ እታለም?” አለች ታናሽ እህቷ።

“ጣቱ የኔ፣ ፊርማው ያንቺ? ተይ እንጂ!”

ሐኪሙ የማኅተም ቀለም አቀረበላት።

“ይሄ ጣት ደግሞ ምን ቀለም ያስፈልገዋል፣ ልጄ?” አለችው።

እህቷ እያለቀሰች ክንዷን ደግፋ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ አስነካችላት። ጣቷ ወረቀቱን ሲነካ አልተሰማትም። ሲነሳ ግን መርፌው የወጋት ቦታ በአሻራው መሃል ነጭ ነጥብ ሆኖ ቀርቷል።