ፓክ ዋርጎ ከባሕር ማዶ የተሰማበት እሁድ

ወላሂ፣ ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት የተጨመረች ቃል ከተገኘችበት፣ የሬምባንግ ባሕር ዓሣ ሁሉ ከነአጥንቱ የተራኪው ጉሮሮ ላይ ይሰንቀር።

በሬምባንግ የአማተር ሬዲዮ ሰዎች ዘንድ የተቃጠለ የሬዲዮ ሞገድ ማጉያ ሁሉ ወደ ፓክ ዋርጎ ይሄዳል፤ በአገሩ ፓክ ‹አቶ›፣ ቡ ደግሞ ‹ወይዘሮ› ማለት ነው። ሳጥኑን ገና ሳይከፍት በሽታውን ከሽታው ይለያል፤ አንዴ እንዲያውም በስልክ አሽትቶ አውቋል። ያን ሰሞን ግን የተቃጠለው የራሱ ማጉያ ነበርና የሰፈሩ ተፎካካሪ ፓክ ጁሜኖ አገር እየሰማ በሬዲዮ ጠየቀው፦

«ዋርጎ፣ ማጉያህ ሞተ አሉ፤ አላህ ይማረው። ሰደቃው መቼ ነው?»

«እሁድ!» አለ ፓክ ዋርጎ ደሙ ፈልቶ። «እሁድ ከባሕር ማዶ ባንጃርማሲን ካልሰሙኝ፣ አሥራ ስምንት ሜትሩን የአንቴና ምሰሶዬን በገዛ እጄ አውርጄ ደጅህ ላይ እተክልልሃለሁ!»

«ከሰሙህስ?»

«በሬዲዮ ሦስት ጊዜ ‹ዋርጎ መምህሬ ነው› ትላለሃ።»

«ይሁን!»

ፓክ ዋርጎ ከአፉ ካወጣው በኋላ ደነገጠ። ያንን ምሰሶ ከሚስቱ ቀጥሎ ይወደዋል፤ ከሚስቱ አስበልጦ ነው የሚሉም አሉ።

ሦስት ቀን ተጎንብሶ ዋለ። የተሰነጠቀውን ትራንዚስተር ነቅሎ አዲስ በየደ። ለማስተካከል ደግሞ በአንቴናው ፈንታ የመኪና አምፖል አሰረ፤ ብረት ሞገዱን ያውከዋልና ራሱ በጠረበው የቀርከሃ እንጨት ትንንሾቹን ብሎኖች ጸጉር በጸጉር እያዞረ የአምፖሉን ድምቀት ተከታተለ። ሲገጥምለት አምፖሉ እንዲህ ቦግ አለ፦ በጠራራ ፀሐይ የሰፈሩ ዶሮዎች ነጋ ብለው ጮኹ፤ ሁለት የዓሣ ጀልባዎች የወደብ መብራት መስሏቸው ወደ ቤቱ አቀኑ።

የቀረው ጠላት የቤቱ ቆጣሪ ነበር። ማጉያውና የኤሌክትሪክ ሩዝ ማብሰያው አንድ ላይ ከተሰኩ ቆጣሪው ጠቅ ብሎ የቤቱን መብራት ሙሉ ያጠፋዋል።

«እሁድ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ሩዝ የሚባል እንዳይጣድ!» ሲል አዘዘ።

«እንግዶችህስ ምን ይብሉ፣ ፓክ?» አለች ሚስቱ ቡ ሱሚናህ።

«ድምፄን!»

እሁድ ደረሰ። ነፋስ የለም፣ ባሕሩ እንደ መስታወት ተኝቷል። እንዲህ ባለው ሞቃት ቀን ድምፅ ባሕሩ ላይ ተንሸራትቶ ሩቅ እንደሚሄድ ፓክ ዋርጎ ያውቃል፤ ለማንም ግን አልተነፈሰም። ትንሿን ሬዲዮ ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘ። የእሷ አሥር ዋት ማጉያው ውስጥ ገብቶ መቶ ሃምሳ ሆኖ ይወጣል፤ ማጉያው መብራት ካጣ ግን አሥሩ ሳይጎላ እንዲሁ ወደ አንቴናው ያልፋል። ማጉያውን ከጠረጴዛው ሥር አስቀምጦ ሰካና እንግዶቹን ሊቀበል ወደ ደጅ ወጣ።

ፓክ ጁሜኖን ጨምሮ ሰባት ሰው ተከትሎት ገባ። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ ተጣራ። ዝም። ደግሞ ተጣራ። ዝም።

«ምሰሶውን ስታመጣ በጓሮ በኩል ግባ፤ በፊት ለፊት አበባ አለኝ» አለ ፓክ ጁሜኖ።

በሦስተኛው ጥሪ ግን ከባሕር ማዶ የመጣው ድምፅ ከማዳመጫው አልፎ ለሁሉም ተሰማ፦ «ሬምባንግ፣ ባንጃርማሲን ነኝ! ምነው ወንድሜ፣ አጠገቤ ቁጭ ያልክ እኮ ነው የሚመስለው!»

ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ጣሪያው አንድ ክንድ ተነሥቶ ተመለሰ።

«ይኸው ማጉያ!» አለ ፓክ ዋርጎ ማዳመጫውን ወርውሮ። «ትንሽ ብጨምረው ኖሮ ሰውየውን ከወንበሩ እጥለው ነበር። በል ጁሜኖ፣ ማይኩን ያዝ!»

ፓክ ጁሜኖ መራራ እንደዋጠ ሰው ማይኩን ተቀበለ። «ዋርጎ መምህሬ ነው።»

«ጮክ በል፣ ተማሪ!»

«ዋርጎ መምህሬ ነው! ዋርጎ መምህ…»

ቡ ሱሚናህ የተጠበሰ ዓሣና አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ሩዝ ይዛ ገብታ ነበር። ከሩዙ ላይ እንፋሎት ይትጎለጎላል። ሁሉም ሩዙን አየ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ሥር ያለውን ማጉያ አየ።

«ብሉ እንጂ፣ ሳይቀዘቅዝ» አለች ቡ ሱሚናህ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ማጉያውን ነቅዬ የጣድኩት እናንተ ደጅ ሰላም ስትባባሉ ነው።»