ጋሼን ማን ይውሰዳቸው?

ጋሼ ሰይፈሥላሴ ከመርከቡ የወረዱት በባዶ ሆዳቸው ነው። ሰባት ቀን ሙሉ ሜክሲኮ ድረስ እያንሳፈፈ ሲቀልባቸው የከረመው መርከብ፣ የመጨረሻዋን ጠዋት እንቁላሉን ከነፓንኬኩ ደርድሮ፣ ሐብሐቡን በአበባ ቅርጽ ጠርቦ ቢጠብቃቸው ዞር ብለውም አላዩት። ባለቤታቸው እትዬ ትርሲት ግን አይተውታል፤ አይተውም ዝም አላሉት። «እኔ ክርስትና አላነሳ!» ብለው ሁለተኛ ሳህን ሞሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ታክሲ ነድተው በዚህ ዓመት መሪውን አስረከቡ። አብረዋቸው የሚሠሩት ሾፌሮችም ተመካክረው «ጋሼ አንድ ጊዜ እንኳ ተሳፋሪ ይሁኑ» ብለው ለባልና ሚስቱ የመርከብ ሽርሽር ቲኬት ቆረጡላቸው። ጋሼና እትዬ ትርሲት ልጅ አልወለዱም። እነሱም ይህን አያነሱም፣ ሰውም አያነሳባቸውም። ሰው ልጅ ሲወለድለት ግን «ክርስትና አንሳልኝ» የሚለው ሌላውን ነው፤ ጋሼን የሚለምናቸው ዘመዶቹን ከኤርፖርት እንዲያመጡለት ነበር። ስለዚህ ብዙአየሁ የሚባል የሚያውቁት ወጣት ሐበሻ በሚበዛበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ አንድ ምግብ ቤት ደጃፍ አግኝቷቸው «ጋሼ፣ ልጄን ክርስትና የምታነሳው አንተ ነህ» ሲላቸው ወደ መኪናቸው ሄደው ገቡ፣ በሩን ዘጉ፣ አለቀሱ። ከዚያ መስታወቱን ዝቅ አድርገው «እሺ» አሉት።

ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በአርባ ቀኑ ነው። አርባኛው ቀን ደግሞ መርከቡ ሳን ፔድሮ ወደብ የሚመለስበት እሑድ ላይ ዋለ። ቀሲስ ሀብተሥላሴ «ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እጀምራለሁ፤ የሌለ ሰው አልጠብቅም» ብለዋል፤ እሳቸው ደግሞ ቀልድ አያውቁም። ጋሼ እንደ ሾፌር አሰሉት። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከመርከብ መውረድ፣ ከዚያ በእሑድ ጠዋት ባዶ መንገድ እስከ ፌርፋክስ አርባ ደቂቃ። ጊዜው ይተርፋል እንጂ አያንስም። ማንንም ሳያስቸግሩ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ተሰልፈው ታክሲ ይይዛሉ። በወደቡ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው የሚጠብቁት እነማን እንደሆኑ ሠላሳ አንድ ዓመት አብሯቸው የቆመ ሰው እንዴት እንደዘነጋው፣ እሱ አንድዬ ይወቀው።

«ጋሼ! እንኳን ደህና መጡ!»

ከሰልፉ ራስ ላይ የነበረው አድማሱ ከነጭ ቫኑ ዘሎ ወርዶ ተጠመጠመባቸው። ትከሻቸውን ስሞ ሳይጨርስ ትልቁን ሻንጣ ነጥቆ ጫነው። ሁለተኛው ባለታክሲ ለይኩን ትንሹን ሻንጣ ወስዶ በራሱ መኪና ቆለፈበት። ሦስተኛው ሁዘይፋ ከሁለቱም የበለጠ ብልህ ነበር። እትዬ ትርሲትን ክንዳቸውን ይዞ፣ ከሜክሲኮ ከገዙት ጋሪ ከሚያህል ባርኔጣ ጋር ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጦ በሩን ዘጋ። ጋሼ ብቻቸውን አስፋልቱ ላይ ቀሩ።

«ተራው የኔ ነው!» አለ አድማሱ። «ፈርስት ኢን ላይን ነኝ። ፔርየድ!»

«ምን ተራ ታወራለህ?» አለ ለይኩን። «ፍሪዌይ ላይ መርጅ አድርጎ መግባት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬ ሌላ ሰው ሲወስዳቸው ቆሜ ካየሁ ምኑን ሰው ሆንኩት?»

«ወላሂ እኔ እያለሁ አይሆንም» አለ ሁዘይፋ። «በረመዳን ቤቴ ገብቼ እንዳፈጥር ሠላሳ ቀን ሙሉ ሺፍቴን ኮቨር አድርገው ሠርተውልኛል። ሶ፣ እትዬ ትርሲትም ገብተዋል። አለቀ!»

ጋሼ መጀመሪያ ሳቅ አላቸው። ከዚያ ሰዓታቸውን አዩ። «ልጆች፣ እቸኩላለሁ፤ ልጅ ክርስትና ላነሳ ነው» አሉ። ይህን ባይሉ ይሻል ነበር። ሦስቱም የክርስትና አባት ማድረስ ምን ያህል ክብር እንደሆነ በአንድ ጊዜ ገባቸውና ጭቅጭቁ ባሰበት። አንዱን እንዳይመርጡ ሁለቱ ይቀየማሉ፤ የዚህ አገር ሐበሻ ቅያሜ ደግሞ ሠርግና ለቅሶ እስከ መቅረት ድረስ እንደሚሄድ ጋሼ አሳምረው ያውቃሉ። ቢጫ ሰደርያ የለበሰው የወደቡ ተራ አስከባሪ ፊሽካውን እየነፋ መጣ፤ ሦስቱም «ሰር፣ ዋን ሚኒት» አሉት። ከኋላ የተሰለፉት አሜሪካኖች በመጀመሪያ ተቆጡ፣ ቀጥሎ ስልካቸውን አውጥተው ቪዲዮ ቀረጹ፣ በመጨረሻም በደጋፊነት ለሦስት ተከፈሉ። አንዲት ምርኩዝ የያዙ አሮጊት ለይኩንን ደግፈው ይጮኹ ጀመር።

ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆነ። ጋሼ ከግርግሩ ፈቀቅ ብለው ስልካቸውን አወጡና በአፕ መኪና ጠሩ። መነጽራቸው አድማሱ የጫነው ሻንጣ ውስጥ ስለቀረ የሾፌሩን ስም ማንበብ አልቻሉም። ማንም ይሁን፣ ፊሊፒኖም ይሁን አርመን፣ ጭቅጭቅ የሌለበት መኪና ከመጣ ይበቃቸዋል። ግራጫ መኪና መጥታ ቆመች። መስታወቱ ዝቅ ሲል መሪው ላይ የተቀመጠው ብዙአየሁ ነው።

ጋሼ ክው አሉ። «አንተ! ልጅህ ክርስትና የሚነሳው ዛሬ አይደለም እንዴ?»

«ዛሬ ነው ጋሼ። አንተን ሰርፕራይዝ አድርጌ ልወስድህ መጥቼ ነው እኮ!»

«ታዲያ በአፕ ስጠራ እንዴት አንተ መጣህ?»

«አይ፣ መንገድ ላይ ባዶዬን ከምመጣ ብዬ አፑን ኦን አድርጌው ነበር» አለ ብዙአየሁ ትንሽ አፈር ብሎ። «ሁለት ሰው ድሮፕ አድርጌ ነው የመጣሁት።»

«ልጁስ?»

«ከእናቱ ከሮሐ ጋር ነው። ቤተ ክርስቲያን ቁጭ ብላ እየጠበቀችን ነው። ሁለት መቶ ጊዜ ደውላለች።»

አባትየው እዚህ፣ የክርስትና አባትየው እዚህ፣ ሕፃኑ እዚያ። ጋሼ ሰዓታቸውን እንደገና አዩ። ሦስቱ ባለታክሲዎች ግን ብዙአየሁን ሲያዩ እንደ አንድ ሰው ተነሡበት። «ስማ፣ አንተ ታክሲ አይደለህም! እዚህ ሰው ፒክአፕ ማድረግ አትችልም፤ የአፕ ቦታው ወዲያ ማዶ ነው!» አለ አድማሱ። ብዙአየሁ «የልጁ አባት እኮ ነኝ!» ቢል ማን ሰምቶት። አሜሪካኖቹም «ተራህን ጠብቅ!» ብለው ጮኹበት።

ሁለት ሰዓት ከአርባ ሆነ። በዚህ ጊዜ ነው ጋሼ ሰይፈሥላሴ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ማንም ሰምቶት በማያውቅ ድምፅ የጮኹት።

«ቁልፍ!»

ተራ አስከባሪው ፊሽካውን ከአፉ አወጣ።

«አድማሱ፣ ቁልፉን አምጣ። ሻንጣውን ሁሉ እዚህ ጫኑ። ትርሲትን አምጡልኝ። ሁላችሁም ግቡ። ማናችሁም አልወሰዳችሁኝም፤ እኔ ነኝ የምወስዳችሁ!»

ገቡ። የለይኩን መኪና፣ የሁዘይፋ መኪና፣ የብዙአየሁም መኪና ሞተራቸውን አጥፍተው በየቆሙበት ቀሩ፤ ተራ አስከባሪው ፀጉሩን ይዞ ከኋላ እየሮጠ እስከ መታጠፊያው ድረስ ሸኛቸው። ጋሼ መሪውን ጨብጠው ፍሪዌይ ላይ ሲወጡ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በመርከቡ ከከረሙበት ሰባት ቀን ይልቅ ይህ ጣማቸው። ከኋላ አራት ሾፌር ባንድ ላይ «ጋሼ ሌን ይቀይሩ»፣ «ኧረ አይቀይሩ»፣ «በዚህ ኤግዚት ያድርጉ» ይላል። እትዬ ትርሲት ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው «መርከቡ ይሻል ነበር» አሉ።

ሦስት ሰዓት ከሃያ ስድስት ላይ ከፌርፋክስ ገባ ብሎ ባለው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ደረሱ። ቫኑ ገና በቅጡ ሳይቆም በሮቹ ተከፈቱ። «መጡ! ጋሼ መጡ!» የሚለውን ብሥራት ቀድሞ ለማድረስ አድማሱና ለይኩን በር ላይ ተጋፉ፣ ብዙአየሁ ወደ ልጁ ሮጠ፣ እትዬ ትርሲት ነጠላቸውን እያጣፉ ተከተሉ። ሁዘይፋም ባርኔጣውን ተሸክሞ ወርዶ ከደጁ ቆመ። ተሳፋሪ ሲወርድ ሾፌሩን ዞር ብሎ አያይም፤ ጋሼ ይህን በሠላሳ አንድ ዓመት አይተውታል። ሁሉም ሊያደርሳቸው የተጋፋላቸው ጋሼ መሪው ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ።

ቦታ የለም። እሑድ ጠዋት ነው፤ ቅዳሴ የመጣው ሰው መኪና ግራና ቀኝ ሞልቶታል። አንድ ጊዜ ዞሩ። አንድ ባዶ ቦታ ቢያገኙ የእሳት አደጋ ውሃ ቧንቧ ተተክሎበታል፤ እዚያ ማቆም ክልክል ነው። ሁለተኛ ዞሩ። አንዲት ሴትዮ ልትወጣ ነው ብለው ቆመው ቢጠብቋት ለካ መኪናዋ ውስጥ ቁርስ እየበላች ነው። ስልካቸው ጮኸ፤ ለይኩን ነው። «ጋሼ፣ የት ሄዱ? ቄሱ ጀምረዋል እኮ!» ብዙአየሁም ደወለ፤ «ጋሼ፣ በኦሊምፒክ መንገድ በኩል ሞክር፣ እዚያ አይጠፋም።» ወደ ኦሊምፒክ ሄዱ፤ ጠፋ። ሦስተኛ ዞረው ሲመለሱ ሦስት ሰዓት ከሠላሳ ሰባት ነበር። አድማሱ ደወለ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። «ጋሼ፣ ቀሲስ ሌላ ሰው ይቁም ብለዋል። እኔን ጠሩኝ። ምን ልበላቸው?»

ከፊታቸው የቤተ ክርስቲያኑ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የሕፃን ልቅሶ ይሰማል። በሰባ አንድ ዓመታቸው አንድ ልጅ፣ አንዲት ነፍስ በእጃቸው ልትገባ ነበር፤ አሁን መኪና ማቆሚያ አጥተው ለሌላ ልትሰጥባቸው ነው። ንድድ አላቸው። ፍሬኑን ረገጡ። መንገዱ መሐል፣ በሁለቱም አቅጣጫ መኪና እንዳያሳልፍ አድርገው ቫኑን አቆሙ። የአደጋ መብራቱን አበሩ፣ በልማድ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ፣ በሩን እንኳ ሳይዘጉ ሄዱ።

ጫማቸውን አውልቀው ሲገቡ አድማሱ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆሟል፤ ሮሐ ሕፃኑን ልታቀብለው ነው። አድማሱ ጋሼን አያቸው። ከጠዋት ጀምሮ ለማንም አንድ ስንዝር ያልለቀቀው ሰው እጁን ሰበሰበና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ዘገዩ» አሉ ቀሲስ።

«ዘገየሁ፣ አባቴ።»

«ይያዙት።»

ያዙት። እንደ እንቁላል ነው የያዙት። ሕፃኑ ፊቱን አጨማዶ አያቸውና ልቅሶውን አቆመ።

«ወደ ምዕራብ ይዙሩ» አሉ ቀሲስ። ሰይጣን የሚካደው ወደ ምዕራብ ዞሮ ነው። ምዕራብ ደግሞ የተከፈተው በር ነው፣ መንገዱ ነው። ጋሼ ሲዞሩ ሁሉንም አዩት። ከቫኑ በስተኋላ ዐሥራ አምስት መኪና ጥሩምባውን ያንባርቃል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ብዙ ነገር ይዘገያል፤ መኪና የሚጎትተው ቶው ትራክ ግን በዚያች ጠዋት ፈጥኖ ደርሷል። የቫኑን አፍንጫ አንሥቷል። ሁዘይፋ ባርኔጣውን እንደ ጋሻ ዘርግቶ ከፊቱ ቆሞ ይከራከራል። አንድ ዲያቆን ጎንበስ እያለ መጥቶ «የማን መኪና ነው? ሊወስዱት ነው!» ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀ።

ጋሼ ወደ አድማሱ ዞሩ። አድማሱ የሚበላው በዚያ ቫን ነው፤ ያለ እሱ ነገ ሥራ የለውም። ቁልፉ በጋሼ ኪስ ውስጥ ነው፤ እጃቸው ደግሞ ሕፃኑን ይዟል። አድማሱ ቫኑ እየተንገጫገጨ ሲሄድ አንድ ጊዜ አየው፣ ከዚያ ጣሪያውን አየ።

«እኔ አላውቀውም» አለ ለዲያቆኑ።

«አድማሱ፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ…»

«ይተዉት ጋሼ!» አለ ከጎናቸው ጠጋ ብሎ በጆሯቸው። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። «ይካዱት! ቶሎ ይካዱት!»

ጋሼ ሰይፈሥላሴ ጮክ ብለው ካዱት። ከውጭ የሚጮኸው ጥሩምባ እስኪዋጥ ድረስ ጮኸው፣ ሰይጣንን ከነሥራው፣ ከነሠራዊቱ ካዱት። ቫኑ ማዕዘኑን ዞሮ ከዓይን ጠፋ።

«አሁን ወደ ምሥራቅ» አሉ ቀሲስ።

ጋሼም ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው፣ ልጃቸውን አቅፈው ዞሩ።