አበባ የሌለው ፓስቲየራ

ዶና ኤርሲሊያ ክንዳቸው ባይሰበር ኖሮ ፓስቲየራ የተባለው የዘንድሮው የፋሲካ የስንዴ ኬክ ለምራታቸው ለማሪኔላ ባልደረሳት ነበር። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ስንዴውን የሚዘፈዝፉት፣ አይቡን የሚያጠልሉት፣ ኬኩ ላይ የሚጋደመውን የሊጥ ቅንጣቢ የሚቆርጡት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ዘንድሮ ከደረጃ ወድቀው ክንዳቸው በጀሶ ታሰረና፣ እያቃሰቱም ቢሆን ሥልጣኑን አስረከቡ።

ማሪኔላ ስንዴዋን ሦስት ቀን ዘፍዝፋ፣ በወተት ቀቅላ፣ ከበግ ወተት አይብና ከእንቁላል ጋር አዋህዳ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ሁለት ትልልቅ ፓስቲየራ ጋገረች። አንዱም አልተሰነጠቀም። በከተማቸው በቶሬ ዴል ግሬኮ ፓስቲየራ ሐሙስ ተጋግሮ እሑድ ነው የሚቆረጠው፤ ጣዕሙ እስኪዋሃድ ማንም ጫፉን አይነካም። እሷም ኮራ ብላ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠቻቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ሽርጧን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ትንሿን ጠርሙስ አገኘች። የብርቱካን አበባ ውሃ። ክዳኗ እንኳ አልተከፈተም።

ሳትጨምረው ጋግራለች። ያለዚያ ሽታ ፓስቲየራ ጣፋጭ የስንዴ ገንፎ ነው፤ ይህን የሰፈሩ ድመት ሁሉ ያውቃል። እንደገና ልሥራ ብትል ስንዴው ሦስት ቀን ይፈልጋል። የታሸገ ቅቅል ስንዴ ገዝታ ብትገኝ ደግሞ አማቷ በደህናው እጃቸው ያንቋታል።

«ከላይ ረጨት አድርጊበት» አላት ባሏ ሳቬሪዮ ጢሙን እየተላጨ።

«ሽቶ መሰለህ እንዴ? አርፈህ ተላጭ።»

«እንግዲያው ዝም በይ። ምናልባት እስከ ነገ እማዬን ጉንፋን ይይዛት ይሆናል።»

ጉንፋን አልያዛቸውም። እሑድ የበጉ ጥብስ ተበላ። ፓስቲየራው አሥራ አንድ ሰው ፊት ተቆረጠ። መጀመሪያ አፍንጫዋን ያስጠጋችው የባሏ እህት ቲቲና ናት፤ የሰው ስህተት ካላገኘች ምግብ የማይረጋላት ሴት።

«ይሄ ነገር አበባ የለውም» አለች። «ማሪኔላ፣ ረሳሽው እንዴ?»

ማሪኔላ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ዶና ኤርሲሊያ ቀስ ብለው አላመጡ፣ ዋጡ፣ ከዚያ ሳህናቸውን ገፋ አድርገው ሌላ ቁራሽ አስጨመሩ።

«እኔ ነኝ አትጨምሪ ያልኳት» አሉ። «ምን ሆንሽ? ብዪ እንጂ።»

ቲቲና በላች።

ማሪኔላ ሳህን ልታጥብ ወጥ ቤት ስትገባ አማቷ ተከትለዋት ገቡና በሩን በክርናቸው ዘጉት። ጠርሙሷ ከቅዳሜ ጀምሮ ከኪሷ አልተለየችም ነበር፤ የት እንደምትደብቃት ጠፍቷታል። አውጥታ አሳየቻቸው።

«ረስቼው ነው፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ ዶና ኤርሲሊያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያ ሽታ ራሴን ይፈልጠኛል። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ። አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ግማሽ ጠርሙስ ነበር የሚያስጨምሩኝ፤ ይቅር ብል ቤቱ ይፈርሳል። እሳቸው ሲሞቱ ደግሞ ቲቲናን ፈራሁ።»

«የገዛ ልጅዎን?»

«አንቺ አትፈሪያትም?»

ማሪኔላ ሳቋ አመለጣት። ሳቁ ሲያልቅ እንባዋ መጣ፣ ከዚያ እፎይ አለች፤ ወደዚያ ቤት በገባች በስድስት ዓመቷ ገና ዛሬ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። አሮጊቷ ጠርሙሷን ከእጇ ተቀብለው ክዳኗ መጥበቁን አዩና መልሰው ኪሷ ውስጥ ከተቱላት።

«ለከርሞም እዚሁ እርሺው፣ ልጄ።»