ሃምሳ ዘጠኝ ተረፈ

አባቴ ዓይኑ ከጠፋ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ምላሱና ሒሳቡ ግን አንድም ቀን አላረፉም። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ማንን ያስተምር? እኔን።

ከሩቅ ከተማ የቅጥር ደብዳቤ ሲመጣልኝ አነበብኩለት። በሃያ አራት ቀን ውስጥ ካልመጣሽ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል የሚለውን መስመር ግን ዘለልኩት፤ ጥዬው ለመሮጥ የቸኮልኩ እንዳይመስለው ብዬ ነው።

ሰምቶ ሲጨርስ፣ "ሠላሳ ሺህ ሠላሳ አንድ ብለሽ ጻፊ" አለኝ። "በየቀኑ ከምሳ በኋላ ለአንድ ብቸኛ ቁጥር እናካፍለዋለን። ሙልጭ ብሎ የተካፈለ ዕለት ሻንጣሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ።"

"ባይካፈልስ?"

"እሱም ብቸኛ ነዋ። እንደኔ" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለውን ቁጥር ብቸኛ ብሎ የሰየመው ሰው አባቴን ሳያውቀው አልቀረም።

ለሁለት አካፈልኩ፣ አንድ ተረፈ። ለሦስት፣ አንድ። ለአምስት፣ ለሰባት፣ ለአስራ አንድ፣ ለአስራ ሦስት፤ ያቺው አንድ እንደ ትርፍ አንጀት ቁጭ ብላለች። "ስድስቱን አካፋዮች እርስ በርስ አባዝቼ አንድ ስለጨመርኩ ነው" አለ፣ ኩራቱ አላስቀምጥ ብሎት። ተንኮለኛ! ካልኩሌተር ክልክል ነው፤ የእርሳሱን ድምፅ ካልሰማ አያምንም። ብርድ ይመታኛል እያለ መስኮትም አያስከፍትም። እኔ እያካፈልኩ ቀን እቆጥራለሁ።

በአስራ ሰባተኛው ቀን ተራው የሃምሳ ዘጠኝ ነበር። አምስት መቶ ዘጠኝ ጊዜ ደረሰ፤ ቀሪ የለም። ቀና ስል አባዬ የሸሚዙን ቁልፎች አዛንፎ ቆልፎ፣ ጆሮውን ወደ እርሳሴ አዘንብሎ ይጠብቃል። አንጀቴን በላው። መዋሸት ደግሞ አልችልበትም።

"አምስት መቶ ስምንት ደርሶ፣ ሃምሳ ዘጠኝ ተረፈ" አልኩ።

ጆሮውን ከእርሳሴ መለሰና፣ "ነገ ለስልሳ አንድ" አለ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ጠበበኝ። በሩን የዘጋሁት ራሴ ሆኜ ሳለ የምናደደው በሱ ነበር። አንድ ቀን ሾርባው ላይ ሆን ብዬ ጨው አበዛሁበት፤ አንጠፍጥፎ ጨረሰው።

በሃያ አምስተኛው ቀን፣ "ለዘጠና ሰባት፣ ቀሪ ሃምሳ ስምንት" ስለው እርሳሱን ከእጄ ወሰደ።

"ቀሪ ከአካፋዩ እኩል ሊሆን ይችላል?" አለኝ በአስተማሪ ድምፁ።

"አይችልም።"

"ያን ዕለት ሰምቼሻለሁ። በዚህ ቁጥር ስንቱን ተማሪ አሳስቼበታለሁ፤ ለሃምሳ ዘጠኝ እንደሚካፈል ጠፍቶኝ ነው? አስራ ሰባት ቀን ብቻ ልሰርቅሽ ነበር። አንቺ ስትጨምሪልኝ ሆዴ ባባና ዝም አልኩ። አሁን በቃ፣ ልጄ። ነገ ትሄጃለሽ።"

"አባዬ፣ ቀነ ገደቡ ትናንት አለፈ።"

"የምን ቀነ ገደብ? ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተስ?"

ሁለታችንም አለቀስን። ብዙ ቆይቶ እርሳሱን ዳብሶ ወደ እኔ ገፋና፣ "ለመቶ አንድስ?" አለኝ።

የምሄድበት አጥቼ አካፈልኩለት።