በጥርሱ የሚያዳምጠው መካኒክ

ወንድሜ ሞተር የሚያዳምጠው በጥርሱ ነው። ቀልዴን አይደለም። የረጅሙን ካቻቪቴ ጫፍ ብረቱ ላይ ይተክልና እጀታውን ይነክሳል፤ ከዚያ ዓይኑን ይጨፍናል። ያረጀ ኩሽኔታም ይሁን የተሸረፈ ማርሽ፣ ንዝረቱ በመንጋጋው አልፎ ራሱ ውስጥ ይገባል። የድሮ መካኒኮች ዘዴ ነው፤ ከአባታችን ነው የተማረው። ደንበኞች "ሐኪሙ" ይሉታል። ለእኔ ግን ታላቄ ነው፣ ጋሼ ነው የምለው። ጋራዡ ጥግ ተቀምጬ ዲናሞ ስጠቀልል ዕድሜዬን ፈጀሁ።

ድሮ በጆሮውም ያዳምጥ ነበር። ካቻቪቴውን ጆሮው ላይ አስደግፎ፣ እንደ ሰው። ቀስ በቀስ ጆሮውን ተወና ጥርሱን ብቻ ያዘ። ስጠራው አንዴ ይሰማል፣ ሦስቴ አይሰማም። "ኧረ ጆሮህን ታየው!" ስለው ደሙ ይፈላል። "አንቺ ስትለፈልፊ ምን የሚሰማ ነገር አለ!" ይለኛል። እኔም ምላሴ አጭር አይደለም፣ እመልስለታለሁ። እንጣላለን፤ ነገሩም እዚያው ተዳፍኖ ይቀራል።

ስለዚህ ማንኳኳት ለመድን። እሱ መኪና ሥር ሆኖ እኔ ሻንሲውን፣ ዋናውን የወገብ ብረት፣ በብሎን ቁልፍ ሁለቴ ካንኳኳሁ "ቶሎ ውጣ" ማለት ነው። ካቻቪቴውን ስለሚነክስ ብረቱ ይነግረዋል። እኔም ይህንን ተማምኜ እንቅልፌን እተኛ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ ሾፌር አሮጌ የጭነት መኪና ይዞ መጣ። ካምቢዮው ያጉረመርማል። ጋሼ ፊቷን በክሪክ አነሣት፣ የፊት ጎማዎቿን ፈታና ከክሪኩ አጠገብ፣ ከሻንሲው ሥር፣ ወፍራም ግንድ አቆመ። ክሪክ ቢከዳ ግንዱ ይይዛል። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ካርቶን ላይ ተንጋሎ፣ እስከ እግሩ ጫፍ ገባ።

እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሽቦ እጠቀልላለሁ። ዘወር ስል ሾፌሩ የኋላ ጎማው ጋ አጎንብሷል።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"የምትንሸራተት መሰለኝ፤ ከጎማው ፊት ግንድ ወሸቅሁላት" አለኝ። ምርቃት የሚጠብቅ ይመስላል።

"የቱን ግንድ?"

በእጁ አሳየኝ። ከሻንሲው ሥር የነበረውን ነው! ሰው እንዳይጎዳ ብሎ ሰውየውን የሚያድነውን ነገር ነቅሎ! ልሰድበው አፌን ስከፍት ዓይኔ ክሪኩ ላይ አረፈ። ዘይት ያንጠባጥባል። ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር መኪናዋ በትንሽ በትንሹ ትወርዳለች።

የያዝኩትን ሽቦ ጣልኩ።

"ጋሼ! ጋሼ፣ ውጣ!" ጩኸቴን ሞተሩ ዋጠው። ሾፌሩ ነገሩ ሲገባው "ላጥፋት!" ብሎ ወደ ጋቢናው ሮጠ፤ ክንዱን አንቄ ያዝኩት። "ጭራሽ ልትወጣባት? ክብደትህን ልትጨምርበት? እንዳትነካት!" ግንዱን ከጎማው ሥር ልንመዝ ታገልን፤ ጎማው ተጭኖት አልነቀል አለ። ሌላ ክሪክ የለንም።

ቁልፍ አነሣሁና ሻንሲውን ሁለቴ አንኳኳሁ።

ምንም የለም። ጠንከር አድርጌ ደገምኩ። አሁንም የለም። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ካቻቪቴውን ነክሷል፣ ዓይኑን ጨፍኗል፣ ፊቱ ላይ አንዳች ጭንቀት የለም። ብረቱ ላይ እየደበደብኩ እሱ ጋ ምንም አይደርስም። ያኔ ገባኝ። ጥርሱም ከድቶታል። እያዳመጠ ሲመስለን ዝም ብሎ በልምድ ይገምት ነበር። ስንት ጊዜ ሆነው? ስንቴ አንኳኩቼ በአጋጣሚ ወጣልኝ?

ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። መሬት ላይ በሆዴ ተኛሁና በደረቴ እየተሳብኩ ገባሁ።

"እትዬ! ኧረ በፈጠረሽ ተይ!" ይላል ሾፌሩ።

ዘይትና አቧራ አፌ ውስጥ ገባ። ክንዴን ወደ ጫማው ዘረጋሁ። አንድ ስንዝር ሲቀረኝ የሆነ ብረት ጀርባዬን ነካኝ። አልመታኝም፣ ነካኝ ብቻ። ለብ ያለ ብረት ነው። ከዚያ ትንሽ ጫን አለኝ። ልጮህ ብል ትንፋሽ አጣሁ። እዚሁ ሁለታችንም አለቀልን፣ እናታችን በአንድ ቀን ሁለት ሬሳ ልትቀበል ነው አልኩ። ወዲያው ጫማው ከዓይኔ ፊት ሄደ። ጋሼ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ ተንፏቅቆ በወዲያኛው በኩል ወጣ።

ሾፌሩ ሁለት እግሬን ይዞ እንደ ጆንያ ጎተተኝ። ቀሚሴ ተቀደደ፣ ክርኔ ተላጠ። ከወጣሁ በኋላ አንዴ እንኳን በቅጡ ሳልተነፍስ ክሪኩ ተንሸራቶ ወደቀና መኪናዋ ካርቶኑ ላይ ቁጭ አለች።

ጋሼ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ዞሮ መጣ። "አሥራ ሰባት ቁልፍ የት አደረግሽው?"

ከዚያ መኪናዋን አየ። መሬት የተዘረጋሁትን እኔን አየ። እጄ ላይ የቀረውን ቁልፍ አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

"አንኳኳሽ አይደል?" አለኝ። "ሰምቼ እኮ ነው የወጣሁት።"

ሾፌሩ አመነው። "ተመስገን! ተመስገን!" እያለ ደረቱን ይደቃል። ጋሼ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየው ከጎረቤቱ ጎሚስታ ክሪክ ተውሶ እንዲመጣ ላከውና ጋቢናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን አጠፋ። ጋራዡ ጭር አለ። ወርዶ ጀርባውን ሰጥቶኝ የወደቀውን ክሪክ ያገላብጥ ጀመር።

"ጋሼ" አልኩት ከኋላው።

ክሪኩን ያገላብጣል።

"ጋሼ፣ አትሰማኝም?"

አልዞረም። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እስከ ዛሬ የተሳደብነው፣ የተኳረፍነው ሁሉ እንደ እሳት አንገበገበኝ። ይህ ሰው ነገም መኪና ሥር ይገባል። ከነገ ወዲያም ይገባል። አይሰማኝም ብዬ ብነግረው ይክደኛል፤ ሰው ፊት ብናገር ደግሞ እንጀራው ተዘጋ።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ገመድ አወረድኩና ፊት ለፊቱ ቆምኩ። አፌን እንዲያይ ቀስ ብዬ ተናገርኩ።

"ይህ እግርህ ላይ ይታሰራል። ጫፉን እኔ እይዛለሁ፤ ስስበው ትወጣለህ። ያለዚያ፣ እኔ በቁሜ እያለሁ መኪና ሥር አትገባም!"

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። "አበድሽ እንዴ?" ቢለኝ የምመልሰውን አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ገመዱን አየና በሩ ላይ ዓይኑን ጣለ። ባዶ በርሜል ላይ ተቀመጠ። ቀኝ እግሩን ዘረጋልኝ።

"ቶሎ በይ" አለኝ፣ "ሰውየው ሳይመጣ።"

ቋጠሮው እምቢ አለኝ። እሱ ጎንበስ ብሎ ራሱ አጠበቀውና የሱሪውን ጫፍ አወረደበት።